በትዳር ውስጥ ዕዳው የማን ነው?

ባልና ሚስት አንድ ናቸው ሲባል በምን በምን አንድ እንደሆኑ ቁርጡ የሚታወቀው ባለገንዘብ ሲመጣ ነው። ባል የተበደረውን ሚስት ትክፈል ወይ? ሚስት ዋስ የሆነችበት ዕዳ የባልን ንብረት ይነካል ወይ? ትዳሩ ከፈረሰ በኋላስ ዕዳው ከማን ጋር ይሄዳል? እነዚህ ጥያቄዎች በአዲስ አበባ፣ በልደታ በሚያስችሉት የፌዴራል ፍርድ ቤቶች በሕግ ቋንቋ ይነሣሉ። በሕግ ቋንቋ ከመነሣታቸው አስቀድሞ ግን የሃይማኖትና የሥነ ምግባር ጥያቄዎች ነበሩ፤ ዛሬም ናቸው። ከሥራቸው ያለው ክርክር አንድ ነው፦ ሰው ሳያውቅ፣ ሳይስማማና ሳይጠቀም፣ ስላገባ ብቻ በሌላው ዕዳ ሊጠየቅ ይገባል ወይ?

ከመጽሐፍ ቅዱስ ታሪኮች ለዚህ ጉዳይ የሚቀርበው በሁለተኛ መጽሐፈ ነገሥት ምዕራፍ 4 የሚገኘው የአንዲት መበለት ታሪክ ነው። ሴቲቱ ከነቢያት ወገን የነበረ ሰው ሚስት ናት። ባሏ እግዚአብሔርን የሚፈራ ሰው ነበር፤ ሲሞት ግን ዕዳ ትቶላት ሄደ። አበዳሪው ሁለቱን ልጆቿን ለባርነት ሊወስድ በመጣ ጊዜ ወደ ኤልሳዕ ጮኸች። ነቢዩ ዕዳው አይመለከትሽም አላላትም፤ አበዳሪውንም አልረገመም። በቤቷ ምን እንዳላት ጠየቃት። ከጥቂት ዘይት በቀር ምንም እንደሌላት ስትነግረው ከጎረቤት ባዶ ማድጋ እንድትዋስ፣ በሯን ዘግታ እንድትሞላ፣ ዘይቱን ሸጣ ዕዳውን እንድትከፍል፣ በተረፈውም ከልጆቿ ጋር እንድትኖር ነገራት። ተአምሩ ብዙ ተሰብኳል፤ የክፍያው ቅደም ተከተል ግን እምብዛም ልብ አይባልም። ዕዳ ከሞት በኋላም ዕዳ ነው፤ የሚከፈለው ግን ከንብረት እንጂ ከሰው አይደለም። ታሪኩ ሳይመልሰው የሚያልፈው ነገርም አለ። ባልየው ገንዘቡን የተበደረው ለልጆቹ እህል ሊገዛበት ነበር ወይስ ለሌላ ጉዳይ? ሚስቲቱስ ታውቅ ነበር? ኋላ የመጡ ሕጎች የደከሙት ይህን ለመመለስ ነው።

በጥንቱ ዓለም ሚስትና ልጆች የባለዕዳው መያዣ ተደርገው ይታዩ እንደነበር በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 18 ያለው ምሳሌም ያሳያል። ጌታው ባለዕዳውን አገልጋይ ከነሚስቱና ከነልጆቹ እንዲሸጥ ያዝዛል። ክርስቶስ ምሳሌውን የተናገረው ይቅርታን ለማስተማር እንጂ የዕዳ ሥርዓት ለመደንገግ አልነበረም፤ ሰሚዎቹ ግን ትእዛዙን እንግዳ ነገር አድርገው እንዳልሰሙት ግልጽ ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ የሙሴ ሕግ ለአበዳሪ ወሰን አበጅቶለት ነበር። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 24 መሠረት አበዳሪ ወፍጮን ወይም መጁን፣ የመበለትንም ልብስ መያዣ አድርጎ መውሰድ አይችልም። ወፍጮ የአንድ ሰው ዕቃ አይደለም፤ ቤቱ ሁሉ የሚበላበት ነው። ሕጉ የአንዱ ዕዳ የሌሎቹን ጉሮሮ እንዳይዘጋ ተከላክሏል ማለት ነው። ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ በ1958 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 404 የማይያዙና የማይሸጡ ንብረቶችን ሲዘረዝር አስፈላጊ ልብስን፣ የመኝታና የማብሰያ ዕቃን፣ የሙያ መሣሪያንም አስገብቷቸዋል። ሁለቱን ሕጎች የሚያገናኘው ሐሳብ ያው ነው።

በኢትዮጵያ ለረጅም ዘመን የሕግ ምንጭ ሆኖ ያገለገለው ፍትሐ ነገሥት በ13ኛው ክፍለ ዘመን በግብፅ በዐረብኛ ተሰናድቶ ወደ ግእዝ የተመለሰ መጽሐፍ ነው። ሁለተኛው ክፍሉ ስለ ሥጋዊ ጉዳይ ሲናገር ጋብቻን፣ ብድርን፣ መያዣንና ዋስትናን በየራሳቸው አንቀጽ ይዟል። ሕዝቡ በየቀኑ የሚኖርበት ልማድ ግን ከመጽሐፉ ጎን ለጎን የራሱ መንገድ ነበረው። በዕዳ ጉዳይ በጣም የሚታወቀው ቁራኝነት ነው፤ አበዳሪና ባለዕዳ ዕዳው እስኪከፈል ወይም ዋስ እስኪገኝ ድረስ በአንድ ሰንሰለት ይታሰሩ ነበር። እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የቆየው ይህ ልማድ ዕዳን ከባለዕዳው አካል ጋር ያስተሳስር ነበር። ባል ታስሮ በሌለበት ቤት ማን እንደሚያርስና ማን ልጆቹን እንደሚያበላ ማሰብ ለሚችል ሰው፣ አንድ ሰው ሲታሰር ቤተሰቡም አብሮ እንደሚታሰር ግልጽ ነው።

ጋብቻውም ዓይነት ዓይነት ነበረው። በቁርባን የተጋቡ ሰዎች አንድነታቸው የምስጢር አንድነት ስለሆነ በሰው ፈቃድ አይፈታም። በሰማንያ የተጋቡት ደግሞ በሽማግሌና በምስክር ፊት ውል ያስራሉ፤ ማጫው ይቆጠራል፣ ከብቱ ይቆጠራል፤ ሲፋቱም እያንዳንዱ ያመጣውን ይዞ አብረው ያፈሩትን ይካፈላሉ። ሁለቱ ዓይነት ጋብቻዎች ለዕዳ ጥያቄ የሚሰጡት መነሻ የተለያየ ነው። የመጀመሪያው ትዳርን ከሒሳብ በላይ ያደርገዋል፤ ሁለተኛው ሒሳቡን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይይዘዋል። የዛሬው ሕግ መንፈስ ለሰማንያ የቀረበ ነው። ለዚህ ደግሞ ቁርባንን አሳንሶ ማየት አያስፈልግም። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ቀኖና ውስጥ ባለው መጽሐፈ ጦቢት ራጉኤል ልጁን ሣራን ለጦብያ ሲድር የጋብቻ ጽሑፍ በማዕዱ ላይ አስጽፏል፤ ከሀብቱም እኩሌታውን ሰጥቷል። ጦብያ ያን መንገድ የጀመረው አባቱ በሰው ዘንድ ያስቀመጠውን ብር ሊያስመልስ ነበር። ጸሎቱና ጽሑፉ፣ በረከቱና ሒሳቡ በአንድ ጉዞ ውስጥ ተገናኝተዋል፤ አንዱም ሌላውን አላረከሰውም።

በእስልምና ትምህርት መነሻው ከዚህ ይለያል። ሚስት ንብረቷ የራሷ ነው፤ ጋብቻው ከባሏ ገንዘብ ጋር አያቀላቅለውም። የባል ዕዳ የእርሷ ዕዳ አይሆንም፤ የእርሷም የእርሱ አይሆንም። ይልቁንም ባል ራሱ ለሚስቱ ባለዕዳ የሚሆንበት ነገር አለ፤ በኒካሕ (በጋብቻው ውል) የተወሰነው መህር፣ ማለትም ባል ለሚስቱ ሊሰጥ የተስማማው ስጦታ፣ ካልተከፈለ በባል ላይ ያለ ዕዳ ነው፤ በፍቺ ወይም በሞት ጊዜ ይጠየቃል። ቁርኣን በአል-በቀራ ምዕራፍ አንቀጽ 282 ዕዳ እንዲጻፍና ምስክር እንዲኖርበት ያዝዛል፤ በአን-ኒሳእ ምዕራፍ ስለ ውርስ ሲናገር ክፍፍሉ ከዕዳና ከኑዛዜ በኋላ መሆኑን ደጋግሞ ያሳስባል። በሐዲስ እንደሚነገረው ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ዕዳ ጥሎ የሞተ ሰው ጀናዛ (አስከሬን) በቀረበላቸው ጊዜ አልሰገዱበትም፤ ከባልደረቦቻቸው አንዱ ዕዳው በእኔ ላይ ይሁን ብሎ ሲቀበል ነው የሰገዱት። ይህ ታሪክ ለያዝነው ክርክር ትልቅ ነገር ያቀብላል። ዕዳው ለሌላ ሰው የተላለፈው በዝምድና ወይም በወዳጅነት ኃይል ሳይሆን ያ ሰው ወዶና አውቆ ስለተቀበለው ነው።

በኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 34 ተከራካሪዎቹ ከተስማሙ የግልና የቤተሰብ ጉዳይ በሃይማኖት ሕግ ሊዳኝ ይችላል፤ የፌዴራል የሸሪዓ ፍርድ ቤቶችም በአዋጅ ቁጥር 188/1992 ተጠናክረዋል። ባንክ ወይም ሌላ አበዳሪ ከባለትዳሮች ጋር የሚከራከርበት ጉዳይ ግን በመደበኛው ፍርድ ቤት ይታያል።

መደበኛው ሕግ የዛሬውን መልኩን ለመያዝ አርባ ዓመት ፈጅቶበታል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ አስተዳዳሪ አድርጎት ነበር፤ የጋራውንም ሀብት በዋናነት የሚያስተዳድረው እርሱ ነበር። እንዲህ ባለ ሥርዓት ውስጥ ሚስት ስለ ዕዳው ታውቅ ነበር ወይ ብሎ መጠየቅ ትርጉሙ አነስተኛ ነው፤ ብታውቅስ ምን ልታደርግ? በ17ኛው ክፍለ ዘመን ተጽፏል በሚባለው፣ ደራሲነቱ ምሁራንን በሚያከራክረው በሐተታ ዘርአ ያዕቆብ ውስጥ ባልና ሚስት በጋብቻ እኩል መሆናቸው ተነግሯል። ይህ ሐሳብ የአገሪቱ ሕግ የሆነው ግን የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ተጋቢዎች በጋብቻ አፈጻጸም፣ በጋብቻው ዘመንና በፍቺ ጊዜ እኩል መብት እንዳላቸው ሲደነግግ ነው። ያንኑ ተከትሎ በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በአዋጅ ቁጥር 213 ወጣ። ይህ ሕግ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የሚሠራ ነው፤ ብዙ ክልሎች የየራሳቸውን አውጥተዋል፤ የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ በ1995 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 79 ታውጇል።

በተሻሻለው ሕግ ከጋብቻ በፊት የነበረ ንብረት፣ ከጋብቻ በኋላም በውርስ ወይም በስጦታ የተገኘ ንብረት የግል ነው። በትዳሩ ዘመን በሥራ የተገኘ ገቢ፣ የጋራውም ሆነ የግሉ ንብረት የሚያፈራው ፍሬ የጋራ ነው። በአንዱ ስም ብቻ የተመዘገበ ንብረትም የግል መሆኑ ካልተረጋገጠ የጋራ እንደሆነ ይገመታል። ዕዳን የሚመለከቱት አንቀጽ 70ና 71 የቆሙት በዚህ መሠረት ላይ ነው። አንዱ ተጋቢ ብቻውን ያለበት ዕዳ በመጀመሪያ ከግል ንብረቱ ይከፈላል፤ የግል ንብረት ከሌለው ከጋራው ንብረት ይጠየቃል። ዕዳው ለትዳሩ ጥቅም የተገባ ከሆነ ግን ሁለቱም በአንድነትና በነጠላ ተጠያቂ ናቸው፤ ባለገንዘቡ ከጋራው ንብረትም፣ ከየትኛውም ተጋቢ የግል ንብረትም መጠየቅ ይችላል። ለትዳሩ ጥቅም የሚባለው ለተጋቢዎቹና ለልጆቻቸው መተዳደሪያ፣ ቀለብ የመስጠት ግዴታን ለመወጣት የገቡበት ዕዳ፣ ወይም በአንደኛው ተጋቢ ወይም በባለገንዘቡ ጥያቄ ፍርድ ቤት እንዲሁ ነው ያለው ሌላ ዕዳ ነው።

የሕጉ ጥበብ ያለው እዚህ ነው። ዳኛው የሚጠይቀው ማን ፈረመ የሚለውን ብቻ አይደለም፤ ገንዘቡ የት ገባ የሚለውን ጭምር ነው። ለቤት ኪራይ፣ ለልጅ ትምህርት ቤት፣ ለሕክምና የወጣ ብድር በባል ስም ብቻ ቢሆንም የሁለቱ ነው፤ ሚስት እኔ አልፈረምኩም ብትል ልጇ የተማረበትን ገንዘብ መካድ ይሆንባታል። በስፖርት ውርርድ የተበላ፣ ሚስት ለማታውቀው ወዳጅ የተሰጠ፣ በአራጣ ተወስዶ የትም የቀረ ገንዘብ ግን የተበዳሪው ነው። በመካከል ያሉት ናቸው ዳኞችን የሚያደክሙት። የባል ወንድም ሠርግ የተደገሰበት ብድር የትዳሩ ጥቅም ነው? በአገራችን የዘመድ ክብር የቤቱ ክብር ሆኖ የሚኖር ብዙ ቤተሰብ ስላለ መልሱ ቀላል አይደለም። ከስሮ የቀረ ሱቅ የተከፈተበት ብድርስ? ሱቁ አትርፎ ቢሆን ኖሮ ትርፉ የጋራ ነበር፤ ትርፉን ሊካፈል የነበረ ሰው ከኪሳራው ነጻ ነኝ ሊል ሲነሣ ክርክሩ ደካማ ነው። አለማወቁን ካስረዳ ግን መደመጥ ይገባዋል።

የአንቀጽ 70 የመጀመሪያ ሐሳብ በአንጻሩ ከባድ ጥያቄ ያስነሣል። ለትዳሩ ያልዋለ፣ ሚስት ያላወቀችው ዕዳ፣ ባል የግል ንብረት ስለሌለው ብቻ ከጋራው ንብረት እንዲከፈል ከተደረገ ግማሹ የእርሷ የሆነ ገንዘብ ላልሠራችው ጥፋት ዋለ ማለት ነው። አብዛኛው ወጣት ባለትዳር ደግሞ ከጋብቻ በፊት ያፈራው የግል ንብረት የለውም፤ ስለዚህ ለየት ያለ ሁኔታ ተብሎ የተጻፈው በተግባር የተለመደው ይሆናል። የሕጉ ክርክር የጋራ ንብረት ላይ የባለዕዳውም ድርሻ አለበት፤ ባለገንዘቡም ጋብቻን መሸሸጊያ ባደረገ ሰው መበደል የለበትም የሚል ነው። ይህ ለንግዱ ዓለም ይጠቅማል፤ ሰው ባገባ ቁጥር ተበዳሪነቱ የሚጠፋ ከሆነ ለባለትዳር የሚያበድር አይገኝም። ለማታውቀው ሚስት ግን ፍትሕ አይደለም።

ሕጉ ለዚህ ችግር ያስቀመጠው መከላከያ ስምምነት ነው። በአንቀጽ 68 መሠረት የጋራ የሆነ የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ፣ ለማከራየት ወይም በመያዣ ለማስያዝ፣ እንዲሁም ከ500 ብር በላይ ለመበደር፣ ለማበደር ወይም ዋስ ለመሆን የሁለቱም ስምምነት ያስፈልጋል። ባንኮች ከተበዳሪ የጋብቻ ወይም ያለማግባት ማስረጃ የሚጠይቁት፣ ባለትዳር ከሆነም የትዳር ጓደኛውን የሚያስፈርሙት ለዚህ ነው። ሳይስማማ ግዴታ የተገባበት ተጋቢ በአንቀጽ 69 መሠረት ውሉ እንዲፈርስ መጠየቅ ይችላል፤ ይህን ግን ባወቀ በስድስት ወር ውስጥ፣ ምንም ቢሆን ደግሞ ውሉ ከተደረገ በሁለት ዓመት ውስጥ ማድረግ አለበት። ሁለት ዓመት ለተደበቀ ነገር አጭር ጊዜ ነው። ሰነዱን በመሥሪያ ቤቱ መሳቢያ ያስቀመጠ ባል ሁለት ዓመት ዝም ካለ ጊዜው ለእርሱ ይሠራለታል። የ500 ብሩም ወሰን በ1992 ዓ.ም. የነበረው ትርጉም የለውም፤ ዛሬ ለአንድ ቤት የሳምንት አስቤዛ አይበቃም። በቃሉ ከተተረጎመ ማንም ባለትዳር ከጎረቤት ሱቅ በዱቤ መውሰድ ሁሉ ሊያከራክረው ነው፤ ስለዚህ ሰው ሁሉ ይረሳዋል፤ የተረሳ ወሰን ደግሞ ትልቁንም ብድር አይጠብቅም።

ፍርድ ከተሰጠ በኋላ ጉዳዩ ወደ አፈጻጸም ይሄዳል። በባሏ ላይ ብቻ በተሰጠ ፍርድ የጋራ ቤት ሲከበር፣ ማለትም ለዕዳው ሲያዝ፣ ሚስት በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 418 መሠረት በተከበረው ንብረት ላይ መብት አለኝ ብላ መቅረብ ትችላለች፤ ሳትጠራ መብቷን የሚነካ ፍርድ ከተሰጠም በአንቀጽ 358 ፍርዱን መቃወም ትችላለች። ብዙ ሰው ይህን መብት የሚሰማው የሐራጅ ማስታወቂያ በር ላይ ከተለጠፈ በኋላ ነው። ከደመወዝም የሚቆረጠው ከአንድ ሦስተኛው አያልፍም፤ የቀረው ለቤቱ እንዲሆን ታስቦ ነው።

ፍቺ ሲመጣ ዕዳው መልኩን ይለውጣል። በቤተሰብ ሕጉ አንቀጽ 89 መሠረት ሁለቱን የሚመለከት ዕዳ ካለ የጋራው ንብረት ከመከፋፈሉ በፊት ይከፈላል፤ የተረፈው በመርሕ ደረጃ እኩል ይካፈላል። ኤልሳዕ መበለቲቱን ያዘዛት ቅደም ተከተል ይኸው ነው፤ ዕዳ መጀመሪያ፣ ኑሮ በተረፈው። ችግሩ የሚመጣው ዕዳው ገና ለዓመታት የሚከፈል ሲሆን ነው። በልደታ በ2000ዎቹ መጀመሪያ አሮጌዎቹ ሰፈሮች ፈርሰው በተተኩት የጋራ መኖሪያ ቤቶች ለዚህ ጥሩ ምሳሌ አለ። በ20/80 መርሐ ግብር ቤት የደረሰው ሰው 20 በመቶውን ከፍሎ ቀሪው 80 በመቶ ከኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በብድር ይሸፈንለታል። ባልና ሚስት ሲፋቱ ሚስት ቤቱን ከነዕዳው ትውሰድ፣ ለባል የድርሻውን ትስጥ ተብሎ ቢወሰን በሁለቱ መካከል ጉዳዩ አልቋል። በባንኩ ፊት ግን አላለቀም። የብድር ውሉ ላይ ሁለቱም ፈርመው ከሆነ ባንኩ ካልተስማማ በቀር የባል ግዴታ እንዳለ ነው፤ ሚስት መክፈል ብታቆም ባንኩ ወደ እርሱ ይመጣል። እርሱ ከፍሎ በፍቺው ውሳኔ መሠረት ከእርሷ መጠየቅ ይችላል፤ ባንኩን ግን በፍቺ ወረቀት ሊመልሰው አይችልም።

ይህ በሰው ዘንድ ቅሬታ የሚፈጥር ደንብ ቢሆንም ምክንያቱ የሚናቅ አይደለም። ባለገንዘቡ በፍቺው ክርክር ውስጥ አልነበረም፤ በሌለበት የተወሰነ ነገር መብቱን ሊቀንስበት አይገባም። ዕዳ ቃል ኪዳን ነው፤ ቃል የተገባለት ሰው ሳይስማማ ቃል የገባው ሰው ሊቀየር አይችልም። በሐዲሱ ታሪክ ዕዳው የተላለፈው አንድ ሰው በገዛ ፈቃዱ ስለተቀበለው እንደሆነ ሁሉ፣ በፍቺም ዕዳ ከአንዱ ወደ ሌላው ሙሉ በሙሉ እንዲሻገር ተቀባዩም አበዳሪውም እሺ ማለት አለባቸው። የሚፋቱ ሰዎች የንብረት ክፍፍሉን ከመጨረሳቸው በፊት ባንኩን ማነጋገር የሚገባቸው ለዚህ ነው፤ ሽማግሌዎችም ሲያሸማግሉ ቤቱንና መኪናውን ብቻ ሳይሆን በላያቸው ያለውን ብድር ጭምር ጠይቀው ማወቅ አለባቸው።

ፍቺን የዕዳ ማምለጫ የሚያደርጉም አሉ። ንብረቱን ሁሉ ለሚስት ትቶ፣ ዕዳውን ሁሉ ለራሱ አስቀርቶ፣ በወረቀት ብቻ ተፋትቶ በአንድ ጣራ ሥር የሚኖር ባል ባለገንዘቡን አታሏል። ባለገንዘብ መብቱን ለመጉዳት የተደረገን ተግባር መቃወም እንደሚችል የፍትሐ ብሔር ሕጉ ይፈቅዳል። በተቃራኒውም ይሠራል፤ ፍቺ ሲቀርብ ከወንድም ወይም ከጓደኛ ጋር ተማክሮ የቆየ ቀን የተጻፈበት የብድር ውል ይዞ የሚመጣ ሰው አለ፤ ዓላማው የጋራውን ንብረት በሐሰት ዕዳ ማሳነስ ነው። በሁለቱም ጊዜ የሚጎዳው በጉዳዩ ያልነበረው ሰው ነው፤ በአንደኛው አበዳሪ፣ በሁለተኛው የትዳር ጓደኛ። በቁርባን የተጋባ ሰው ይህን ሲያደርግ ደግሞ ምስጢሩን ለገንዘብ መሣሪያ አድርጎታልና ጥፋቱ እጥፍ ነው። ካህን ንስሐ ሲሰጥ የሰው ገንዘብ እንዲመለስ ማዘዙ ተገቢ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ያለ ጋብቻ እንደ ባልና ሚስት አብረው የሚኖሩ ሰዎችም ከዚህ ጥያቄ ውጭ አይደሉም፤ ግንኙነቱ ከሦስት ዓመት ያላነሰ ከሆነ አብረው ያፈሩት የጋራ ይሆናል። ሳይፋቱ ለረጅም ጊዜ ተለያይተው እያንዳንዳቸው ሌላ ኑሮ ለመሠረቱ ባለትዳሮች ደግሞ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት ጋብቻው እንደፈረሰ ሊቆጠር የሚችልበትን አቋም ወስዷል። ይህ ለዕዳም ትልቅ ለውጥ ያመጣል፤ ቤቱ ከፈረሰ በኋላ የተገባ ዕዳ ለቤቱ የተገባ ነው ማለት አይቻልም።

ባለትዳሩ ዕዳውን መክፈል ሲያቅተውስ? በኢትዮጵያ መክሰር በሕግ የሚታወጀው ለነጋዴና ለንግድ ማኅበር ነው። ይህ በ1952ቱ የንግድ ሕግም፣ በአዋጅ ቁጥር 1243/2013 በወጣው አዲሱ የንግድ ሕግም ያው ነው። አዲሱ ሕግ ነጋዴው ከመውደቁ በፊት ከባለገንዘቦቹ ጋር ተስማምቶ ንግዱን መልሶ የሚያደራጅበትን መንገድ አስፍቷል፤ በፍርድ ቤት የሚታወጅ ኪሳራ ግን በአገሪቱ ዛሬም እምብዛም አይታይም። የቀድሞው ሕግ ያገባ ሰው እንዳላገባ ሰው ሁሉ እንዲነግድ ፈቅዶ፣ የትዳር ጓደኛው ግን ንግዱን እንዲቃወም መብት ሰጥቶት ነበር። ነጋዴ ባል ሲከስር የቤቱ ሀብት የጋራ እንደሆነ ስለሚገመት ሚስት ከባለገንዘቦች ጎን ተሰልፋ የግሏ የሆነውን በማስረጃ ልታወጣ ይገባታል፤ ማስረጃ የሌላት ሴት ከእናቷ የወረሰችውን ጭምር ልታጣ ትችላለች።

ነጋዴዎች ከዚህ ለመሸሽ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ያቋቁማሉ። ቀድሞ ማኅበሩ ቢያንስ ሁለት አባላት ያስፈልጉት ስለነበር ብዙዎቹ ከትዳር ጓደኛቸው ጋር መሥርተውታል፤ አዲሱ ሕግ ባለ አንድ አባል ማኅበርንም ፈቅዷል። ማኅበሩ ለብቻው ባለዕዳ ሆኖ ቤተሰቡ እንዲድን ነው ሐሳቡ። ባንኩ ግን ሲያበድር ባለቤቱንም የትዳር ጓደኛውንም በግል ዋስ አድርጎ ካስፈረመ መከለያው ፈረሰ። ምሳሌ 22 በዋስትና ገንዘብ የገባ ሰው አልጋው ሳይቀር ሊወሰድበት እንደሚችል ያስጠነቅቃል፤ ባልና ሚስት የሚተኙበት አልጋ የሁለቱ ነው፤ ዋስ የሆነው ግን አንዱ ሊሆን ይችላል።

ነጋዴ ላልሆነ ሰው የኪሳራ መንገድ የለም። መምህር፣ ሹፌር፣ የመንግሥት ሠራተኛ ከአቅሙ በላይ ዕዳ ቢገባበት የሚያሰናብተው ሕግ አያገኝም፤ ዕዳው እስኪከፈል፣ ባለገንዘቡ እስኪምረው ወይም በይርጋ እስኪታገድ አብሮት ይኖራል። ኦሪት ዘዳግም 15 በየሰባቱ ዓመት ዕዳ እንዲተው አዝዟል፤ ቁርኣንም በአል-በቀራ አንቀጽ 280 ለተቸገረ ባለዕዳ እስኪመቸው ጊዜ እንዲሰጠው፣ ቢማርለትም እንደሚሻል ይናገራል። ሁለቱም ሃይማኖቶች ዕዳ ይከፈል ይላሉ፤ ሁለቱም ባለዕዳው እስከ ዘላለም እንዳይደቅ ያስባሉ። የኢትዮጵያ ሕግ ለነጋዴው የሰጠውን ዕድል ለተራው ቤተሰብ አለመስጠቱ ትልቅ ጉድለት ነው። በተለይ ከፍቺ በኋላ ልጆች ይዛ የቀረች፣ ያልበላችውን ብድር በዋስትና ፊርማዋ የምትከፍል ሴት ዕድሜዋን ሙሉ ባለዕዳ መሆን የለባትም።

ይህን ጉዳት አስቀድሞ ለመከላከል ሕግ አውጪው የአንቀጽ 68ን የ500 ብር ወሰን ከዛሬው ኑሮ ጋር አስተካክሎ፣ ከዚያ በላይ ለሚሆነው ብድር ሁሉ ሁለቱንም ተጋቢዎች አስቀርቦ የማስፈረምን ግዴታ በአበዳሪው ላይ ይጣል፤ ያላስፈረመ አበዳሪም ከጋራው ንብረት ሳይሆን ከፈራሚው ድርሻ ብቻ ይጠይቅ። የሁለት ዓመቱም ጊዜ ዕዳው ለተደበቀበት ተጋቢ ካወቀበት ቀን ጀምሮ ይቆጠርለት።